ቆጣሪው ራሱን ፎቶ ሲያነሳ

በሰፈሩ ስሙን የሚያውቅ የለም። «ቆጣሪው» ይሉታል፤ የውሃ ቆጣሪ እየዞረ ስለሚያነብ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው በር አንኳኩቷል፣ በውሻ ተባርሯል፣ በየግቢው ጥግ አጎንብሶ የቆጣሪ ክዳን ከፍቷል። «ማነው?» ሲሉት «ውሃ!» ብሎ ይመልሳል እንጂ ስሙን ተናግሮ አያውቅም። ቁጥሩን ብቻ አይቶ በቤቱ ስንት ሰው እንዳለ፣ እንግዳ እንደከረመ፣ ልጅ እንደተወለደ ይናገራል። በዚህ ጥበቡ የሚኮራውን ያህል የራሱን ቤት ቆጣሪ ማንበብ ግን አይወድም። የእሱ ቁጥር ከወር ወር ፈቀቅ አይልም። የአንድ ሰው ቤት ነው፤ ቆጣሪ ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም።

ይሉኝታ ያጠቃው እሱን ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሚስት አግብቶ ነበር። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ፣ የሁለት ቀን መንገድ ርቃ የምትኖረው፣ ወሬውን በስልክ ስትሰማ በደስታ አለቀሰች። «እንግዲህ ብሞትም ግድ የለኝም፤ ሰው አገኘህልኝ» አለች። ሴትዮዋ ግን በአራተኛው ወር ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። አልተጣሉም። «እዚህ ቤት የራሴን ድምፅ ብቻ መስማት ሰለቸኝ» ነው ያለችው፤ እውነቷን ነው፣ ሰውየው ቃል ከአፉ የሚወጣው በስንት ልመና ነው። በዚያው ሳምንት እህቱ ደውላ «ባለቤትህ እንዴት ናት?» ስትለው «ደህና ናት» አለ። አመለጠው። በሚቀጥለው ወር ደግሞ «ሰላም ትልሻለች» ብሎ ጨመረበት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእሱ ግን በየወሩ ይታደስ ነበር። እህቱ «ይዘሃት ና» ባለች ቁጥር ሥራ በዛ ይላል፣ አመማት ይላል። ይኸው እስከ ዛሬ የእህቱን ደጃፍ አልረገጠም።

ነገሩ የከረረው እህቱ ዓይኗን መታመሟን የነገረችው ዕለት ነው። ከዳር ወደ መሃል እየጨለመባት ነው፤ ሐኪሙ ቢበዛ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብሏታል።

«ማሞዬ» አለችው። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ለእሷ ግን ዛሬም ማሞዬ ነው። «መምጣቱን ተወው፣ አላስቸግርህም። ፎቶህን ላክልኝ። ፊትህን ሳላየው አይጨልምብኝ። የፎቶ ቤት መጋረጃ ግን አልፈልግም፤ ቤትህ ውስጥ፣ ባለቤትህ ታንሳህ።»

«እሺ እትዬ፣ እሷው ታነሳኛለች» አለ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ስልኩን ዘግቶ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። አንሱኝ ብሎ ቤቱ የሚጠራው ሰው ፈለገ። በዚያ ሰፈር እሱ ያልገባበት ግቢ የለም፤ እሱ ቤት የገባ ሰው ግን አንድ እንኳ ትዝ አላለውም። ያኔ በጣም ሆድ ባሰው።

በማግስቱ ከሚያነብባቸው ቤቶች አንዱ ወደሆነው ፎቶ ቤት ሄደ። ባለቤቱ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ከወንበራቸው የማይነሱ፣ ምላሳቸው ግን ያልደከመ ሽማግሌ ናቸው። ለባዕድ እውነት መናገር ይቀላልና ሁሉንም ዘረገፈላቸው። አሥራ አንድ ዓመት የያዘውን ነገር ቆጣሪ አንብቦ እስኪጨርስ ባለ ጊዜ ውስጥ ተናግሮ ጨረሰ።

«ጉልበቴ እሺ ቢለኝ እኔው መጥቼ ባነሳሁህ» አሉ ፎቶ አንሺው። «አሁን ግን ተምረህ ራስህን ታነሳለህ። ይሄ አሮጌ ካሜራ ራሱን ችሎ አሥር ሰከንድ ቆጥሮ ያነሳል። ባለ ሦስት እግር መቆሚያም አውስሃለሁ። እስክትማር ግን ካሜራውን አትነካም።»

«ታዲያ በምን ልማር ጋሼ?»

«በዓይንህ! ብርሃን ማየት ሳትችል ካሜራ ቢሰጡህ ምን ያደርግልሃል? አንድ ሳምንት የሰው ፊት እያየህ ዙር። ብርሃኑ ከየት መጣ፣ የትኛው ጉንጭ ጠቆረ፣ ያንን ይዘህልኝ ና።»

ቆጣሪው በሃያ ሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በር የሚከፍቱለትን ሰዎች ፊት አየ። እስከዚያ የሚያያቸው ከጉልበት በታች ነበር፤ ቆጣሪ መሬት ላይ ነው ያለው። ጠዋት በራፍ ላይ የቆመ ሰው ፊቱ ለስለስ ብሎ እንደሚታይ፣ እኩለ ቀን ላይ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ እንደሚገባ ተረዳ። ደስ አለው፤ ደስታው ግን ያለ ጣጣ አልሆነም። አንዲት እመቤት «ምን ታፈጥብኛለህ? ቆጣሪው እዚያ ነው!» ብለው በሩን ጠረቀሙበት።

ሳምንቱ ሞልቶ ካሜራውን ሲቀበል፣ የመጀመሪያውን ፊልም መስኮቱን ጀርባው አድርጎ ተቀምጦ ጨረሰው። ሲታጠብ ፊቱ ጥቁር እድፍ ሆኖ ወጣ። «ጥላህን ልከህ አንተ ቀረህ?» አሉት ሽማግሌው። «መስኮቱ ከፊትህ ይሁን፤ ካሜራው ነው ጀርባውን ለመስኮቱ የሚሰጠው።»

ሁለተኛው ፊልም የባሰ ነበር። ሌንሱን አስተካክሎ ለማጥራት ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። ባለትዳር ሚስቱን፣ ልጅ ያለው ልጁን ያስቀምጣል። እሱ ወንበሩ ላይ መጻሕፍትና ሳጥን ደራርቦ፣ ሲቀመጥ ፊቱ በሚደርስበት ልክ ድስት አስቀመጠ። ድስቱ ላይ አጠራና ሁሉንም አንስቶ፣ ማንሻውን ጫን አድርጎ፣ ሮጦ ተቀመጠ። ሲሮጥ ወንበሩን ወደኋላ እየገፋው ኖሯል። ከሠላሳ ስድስቱ ፎቶ በሠላሳ አምስቱ ላይ እሱ ጭጋግ ነው። በቀረው አንዱ ላይ፣ ድስቱን ማንሳት ረስቶት ኖሮ፣ ድስቱ እስከ እጀታው ቁልጭ ብሎ ወጥቷል።

ፎቶ አንሺው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ይሄንን ላክላት! የወንድምሽ ሚስት ይቺውልሽ በላት!»

እሱም አብሮ ሳቀ። ቤቱ ሲገባ ግን ሳቁ ጠፋበት። ድስቱን ከወንበሩ አንስቶ ምድጃው ላይ መለሰና እራቱን ሳይበላ ተኛ።

ሦስተኛው ላይ የወንበሩን እግሮች መሬቱ ላይ በኖራ አሰመረባቸው፤ ሥራ የለመደ ሰው ነውና ከዚያ በኋላ ወንበሩ ፈቀቅ አላለም። ትንፋሹን ያዘ፣ አልተንቀሳቀሰም፣ ፎቶውም ጠራ። ሽማግሌው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ማንን ነው የምታየው?»

«ሌንሱን።»

«ያስታውቃል። ቆጣሪ የምታነብ ነው የምትመስለው። ሰው የሚያይ ዓይን እንዲህ አይደለም።»

እሑድ ጠዋት፣ ብርሃኑ ለስላሳ በሆነበት ሰዓት፣ ቆጣሪው ጸጉሩን አበጥሮ መነጽሩን ወልውሎ አራተኛውን ፊልም ጀመረ። ከካሜራው ኋላ ሰው እንዳለ አድርጎ ለማየት ታገለ። መጀመሪያ የሄደችውን ሚስቱን አሰበ፤ መልኳ አልመጣለት አለ። «ዝግጁ ነሽ?» ብሎ ጮክ ብሎ ሞከረ፤ ድምፁ በባዶ ቤት ሲያስተጋባ ራሱ ደነገጠ። ያኔ እህቱን አሰባት። በልጅነቱ ጠዋት ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ ፊቱን ስታጥበው ጆሮውን ትይዘው ነበር፣ እንዳያመልጣት። ሳሙና ዓይኑ ገብቶ ሲጮህ «ቆይ አንድ ጊዜ፣ ፊትህን ልየው» ትለዋለች። ካሜራው እየቆጠረ ሳለ ቀና ብሎ አያት። ናፍቃው ነበር። ምን ያህል እንደናፈቀችው ለራሱም አልነገረውም ነበር።

ፎቶ አንሺው ያንን ፎቶ አተልቀው አጥበው በማጉያቸው ረጅም ጊዜ አዩት። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት።

«ምነው ጋሼ? ጉድለት አለው?»

«የለውም» አሉ። «በጣም ጠርቷል። ላክላት።»

ፖስታው በደረሰ በሦስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ።

«ማሞዬ! ሸበትክ እኮ!» እህቱ እያለቀሰች ትስቃለች። «ቅንድብህ የአባባ ቅንድብ ሆኗል። ልጄ ማጉያ መነጽር ገዝቶልኝ ስንዝር በስንዝር ነው የማይህ። ደግሞ አየኸኝ። ፊት ለፊቴ ነው ያየኸኝ!»

ቆጣሪው ኮራ። እንዲህ ደስ ያለው መቼ እንደነበር አያስታውስም።

«ባለቤትህ ናት ያነሳችህ?»

«አዎ፣ እሷ ናት።»

«መነጽርህ ላይ መስኮቱ ይታያል» አለች ቀስ ብላ። «መስኮቱ ፊት ሦስት እግር ያለው ነገር ቆሟል። አጠገቡ ሰው የለም። የኔ ዓይን ይሆናል ብዬ ልጄን ጠርቼ አሳየሁት። እሱም ሰው የለም አለኝ።»

ጎንበስ ብላ ነው፣ ዘወር ብላ ነው፣ የሚለው ውሸት አፉ ድረስ መጣለት። ደከመውና ተወው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሌለችው?» አለች።

«ከመጀመሪያው ዓመት።»

«አሥራ አንድ ዓመት?»

«አሥራ አንድ ዓመት።»

የምትቆጣው መስሎት ጠበቀ። አልተቆጣችም።

«እንግዲያው» አለች በመጨረሻ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ፣ «በየወሩ ሰላም በልልኝ ስልህ የኖርኩትን ሁሉ የት አደረስከው?»

ቆጣሪው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«እኔው ተቀበልኩት፣ እትዬ» አላት። «ሌላ ሰው አልነበረም።»