ተቀባይ ዜሮ

«በመስኮት ጠራሁኝ፣ በደጅ ተጣራሁኝ…»

ሴትዮዋ ደረጃውን ስትወጣ የምታንጎራጉረው ይህችኑ ብቻ ነው። ቀጣዩ ስንኝ ጠፍቶባታል። እናቷ አውጪ፣ እሷ ተቀባይ ነበሩ፤ የጠፋባት እንግዲህ የራሷው ድርሻ ነው።

የሥራ ጓደኞቿ «ሜጋ» ይሏታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስልክ ይዛ ከሰፈር ሰፈር እየዞረች የኢንተርኔት ፍጥነት ስትለካ ኖራለች፤ «እንደምን አደርሽ ሲሏት በስንት ሜጋ ትላለች» እያሉ ይስቁባታል። አንዱን ቦታ ሦስት ጊዜ ለክታ የመካከለኛዋን ቁጥር ትጽፋለች። ቅጹ ሁለት ዓምድ አለው፦ ከስልኩ ለሚወጣው «ላኪ»፣ ወደ ስልኩ ለሚገባው «ተቀባይ»።

ይህን ሕንፃ አምና ለክታው ነበር፤ ያውም አራት ፎቅ ማን ይወጣል ብላ፣ ከደጅ። አራተኛው ፎቅ ላይ፣ በጓሮ በኩል፣ እናቷ ትኖር ነበር። እናትየዋ ስትደውል «ሃሎ? ሃሎ? ልጄ፣ ምነው ዝም አልሽኝ?» ትላለች። ሜጋ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ «እየሰማሁሽ ነው እኮ!» ብትል፣ እናት ጥቂት ትጠብቅና ትዘጋለች።

ሲገናኙ ሜጋ፣ «እማዬ፣ ኔትወርኩን እኔው ራሴ ለክቼዋለሁ። ጆሮሽን ታዪ» ትላለች።

«ጆሮዬስ ደህና ነው፤ የጨከንሽው አንቺ ነሽ» ትላለች እናት፣ እየሳቀች።

እናትየዋ ከሞተች ሁለት ወሯ። የመጨረሻዋ ጥሪም «ምነው ዝም አልሽኝ?» ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሜጋ ቁጭ ብላ በልታ አታውቅም። ቆማ ጎረስ ጎረስ ታደርግና ትሄዳለች፤ ከተቀመጠች ያ ጥያቄ መጥቶ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል።

አሁን ክፍሉን የተከራየው ሰው አቤቱታ አስገብቷል። አለቃዋ «ከደጅ ለክተሽ ነይ» ብሏት ነበር። እሷ ግን ማወቅ አለባት፤ ጥፋቱ የእናቷ ጆሮ ነበር ወይስ የእሷ ቁጥር?

በሩን የከፈቱላት ሽበታም ሰዓት ሠሪ ናቸው። ቀትር ነው፤ ግድግዳው በሰዓት ተሸፍኗል።

«ግቢ ልጄ። እኔ የምለው ለሰው ይደርሳል፤ ለእኔ ግን አንዲት ቃል አትመጣም።»

«ጋሼ፣ ምናልባት ጆሮዎ…»

«የሠላሳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ለይቶ የሚሰማ ጆሮ ነው! እሱን ተይልኝ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንዲያውም የማይሰማም ይሰማል። ቀትር ሲሆን አንዲት ሴት እዚያ ጥግ ታንጎራጉራለች። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ትቆማለች፤ የሚቀበላት ሰው የምትጠብቅ ይመስል።»

ጥጉ የእናቷ አልጋ የነበረበት ነው። ሜጋ የማን ልጅ እንደሆነች አልነገረቻቸውም።

ለካች። ተቀባይ ዜሮ። ደገመች፤ ዜሮ። ሠለሰች፤ ያው ዜሮ። እናቷ እውነቷን ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ልኬቱ አልቋል። በስልኩ መስታወት ላይ ግን የላኪውን ፍጥነት የሚያሳየው ቀስት ማንም ሳይነካው መነሣት ጀመረ። አሥራ ሁለት። ሠላሳ። ስድሳ። ከዚህ ክፍል አንድ ነገር እየወጣ ነው።

ከጥጉ፣ ከሰዓቶቹ ድምፅ ሥር፣ እንደ ክር የቀጠነ ዜማ መጣ፦

«በመስኮት ጠራሁኝ፣ በደጅ ተጣራሁኝ…»

ዜማው ቆመ። ሰዓት ሠሪው መነጽራቸውን አውልቀው አዩአት። «ሰማሽ?»

የጠፋው ስንኝ፣ ሳትፈልገው፣ ራሱ ምላሷ ላይ ወጣ፦

«አለሁ አለሁ እማ፣ ድምፅሽን ሰማሁኝ።»

ቀስቱ፣ እንቅልፍ እንደሚወስደው ሰው ዐይን፣ ቀስ እያለ ወረደ። ጥጉ ውስጥ ከዚያ በኋላ የሰዓቶቹ ቀጭ ቀጭ ብቻ ቀረ።

ሜጋ ቅጹን ሞላች። «ተቀባይ፦ ዜሮ። የአምናው ቁጥር ስሕተት ነው፤ የለካሁት እኔ ነኝ፣ ከደጅ።» ፈረመችበት።

ሰዓት ሠሪው መፍቻዎቻቸውን ወደ ዳር ገፋ አድርገው ሁለት ሳህን ሾርባና ዳቦ አቀረቡ። «ፊትሽ አመድ መሰለ። ነይ፣ አፍሽ ላይ አንድ ነገር አድርጊ።»

«አይ ጋሼ፣ እኔ እንኳ ቆሜ…» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም። ወንበሩን ወደ ጥጉ አዙራ ሳበችው፤ ተቀመጠችና ዳቦውን ቆረሰች።