ያልጾምኩት ቀዷ

ያን ቀን የሠራሁትን ጅልነት በእርሳስ ብጽፈው ኖሮ በላጲስ አጠፋው ነበር፤ እኔ ግን በብዕር «ጥም የለባትም» ብዬ ጻፍኩ። ጽፌም ለታማሚዋ ልጅ አባት አነበብኩላቸው።

ወሩ ረመዳን ነው። ፀሐዩ ጠራራ ነው። ቁርኣን የሚያስቀሩት አባቷ አጠገቧ ተቀምጠዋል። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመቷን ልጅ «ውሃ ታበዣለሽ?» አልኳት። «ኧረ አልጠጣም!» አለች፣ ከንፈሯ እንደ ኩበት ተሰነጣጥቆ። አመንኳት።

ለልምምድ መካነ ሰላም የተላክሁ የሕክምና ተማሪ ነበርኩ፤ ጋዋኔ ከእውቀቴ ይረዝም ነበር። አስተማሪያችን «የስኳር በሽታ የጌቶች በሽታ ነው፤ ባላገር ዘንድ አትፈልጉት» ይሉናል፤ እኔም እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ። ለከሳችው ልጅ የወስፋት መድኃኒት አዘዝኩ።

እናቷ ወደ ኋላ ቀርተው እጅጌዬን ያዙ። «ሐኪሙ፣ ወሏሂ ገንቦውን ትገለብጠዋለች። ሌት ተቀን ሽንት ነው። አባቷ ፊት እንዴት ብላ ትናገር? ጾም ፈታሽ ብለው ትናንት ገርፈዋታል።»

እኔ እንደሆንኩ ይህንንም ሰምቼ አልነቃሁም። የነቃው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው፤ ቁስል ሲያጥብ ያረጀ፣ እኔ በልቤ የምንቀው ሰው። ወደ አፏ ጎንበስ አለ። «የነገው ዶክተር፣ ና አሽት እስቲ!» ትንፋሿ እንደ በሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ሽንቷን በሰማያዊው መመርመሪያ ፈሳሽ ሲቀቅለው የጡብ መልክ ያዘ፤ ስኳር ነበረበት።

በላምባ በሚሠራው ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ብልቃጥ ኢንሱሊን ነበር፤ የአንድ ባላባት ነው። የጌቶች በሽታ! በሽታውስ ጌታና ሎሌ አይለይም፤ የሚለየው መድኃኒቱ ነው። እኔ ግን «ባለቤቱን እናስፈቅድ» አልኩ። ዛሬም ሳስበው ጥርሴን አፋጫለሁ። ልጅቱ ራሷን እየሳተች ዳገት እንደ ወጣ በቅሎ ታለከልካለች፣ እኔ ፈቃድ እላለሁ!

ድሬሰሩ መርፌውን ሞላ። «ቢቆጡ እኔን ይቆጡ። አንተ የጨው ውሃውን ጠርሙስ ከፍ አድርገህ ያዝ፤ ችካል መሆንስ ተምረሃል አይደል?»

ችካል ሆንኩ። በዚያ ሁሉ ልምምድ በትክክል የሠራሁት ሥራ እሱ ነው።

በማግስቱ ነቃች። ውሃ ብሰጣት አባቷን አየችና አልነካም አለች። ቁጣዬ ገነፈለ። «ሸኽ፣ የታመመች ልጅ ይገርፋሉ?» ብዬ ጮህኩባቸው።

ሰውየው ረጋ ብለው «ለታመመ ጾም ግዴታ አይደለም፤ እሱን አውቃለሁ» አሉ። «መታመሟን ግን ማን ነገረኝ? እርስዎ ሐኪሙ እንኳ ጥም የለባትም ብለው አልነበር?»

ልጅቱ በሰለለ ድምፅ «የፈታሁትን ቀን ቀዷ አለብኝ» አለች፤ ያለፈን ጾም በሌላ ቀን መክፈል ማለቷ ነው። ሀፍረቴን ልሸፍን «አንዱን ቀን እኔ ልጹምልሽ» አልኳት።

ሳቀች። «የእርስዎ ጾም እስከ ስንት ሰዓት ነው?»

«እስኪርበኝ።»

መድኃኒቱ ከደሴ በመኪና መምጣት ከጀመረ በኋላ፣ ለመርፌ በመጣች ቁጥር «ጾሙልኝ?» ትለኛለች። «ነገ» እላታለሁ። ልምምዴን ጨርሼ ጭነት መኪና ላይ ስወጣም መልሴ ነገ ነበር።

ዛሬ ሰማንያ ሊሞላኝ ነው። ጠዋት ልጀምረው ቆርጬ ነበር፤ ቂንጬው በቅቤ መጣ። ያቺ አንድ ቀን አሁንም አለችብኝ።