የዐወድ ቱንቢ

እናቴ «አፍህ ካንተ ቀድሞ ነው የተወለደው» ትለኛለች። አሶሳ ተመድቤ ጂኦግራፊ ማስተማር በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት ያ አፌ የአንድ ደግ ሰው እንቅልፍ ነሣ።

እህቴ የትናየት ከቡሬ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ አዲሱን ትልቅ መስጊድ ሳላይ አልመለስም አለች። በፎቶ አይታው ኖሯል። ክርስቲያኖች ብንሆንም እንግዳ ይገባል አሉንና ሄድን። በር ላይ ጫማችንን አስወልቀው፣ እህቴ ነጠላዋን እንድትከናነብ በእጃቸው አሳይተው ያስገቡን ጋሽ ዐወድ ናቸው። ስልሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ሲሚንቶ ጣታቸውን የበላው የበርታ ሰው። የመስጊዱን ቁልፍ ይይዛሉ፣ እንግዳ ያስጎበኛሉ። ከዚያ በፊት ግንበኛ ነበሩ፤ ጉባ፣ ግድቡ ላይ ሳይቀር ሠርተዋል። መስጊዱ ሲሠራ ደግሞ ሰጋጁ የሚሰለፍበትን መስመር በሲባጎ የወጠሩት እሳቸው ናቸው። ጉልላቱን፣ መብራቱን፣ እምነበረዱን ቶሎ ቶሎ አሳዩን። መስመሩ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

«ይሄ የእኔ ነው» አሉ። «ቀጥታ መካ።»

ምን ነበረበት ዝም ብል! መካ ከአሶሳ በየት በኩል እንደሆነች አውቃለሁ፣ ይህንንም ለማሳየት ቸኮልኩ። እህቴ ያመጣችልኝን አዲስ የስልክ ከቨር ጠቅ አድርጌ ከፈትኩና ስልኬን ከነከቨሩ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት። ኮምፓሱ ላይ መካን የሚጠቁመውን ቀስት አየሁ።

«ጋሽ ዐወድ፣ ይሄማ ዘመም ብሏል» አልኩ።

የትናየት በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ፤ ግን ዘግይታ ነበር። ጥግ ላይ ቁርዓን ይቀሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች ቀና አሉ።

በሦስተኛው ቀን ወሬው ገበያ ደረሰ። ስንት ጁምዓ ጠማማ ሰገድን፣ የሚል በዛ። የመስጊዱ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሀይደር አስተዋይ ሰው ነው፤ ትንሽ መዝመም ሶላት አያበላሽም፣ ካስፈለገም ምንጣፉን አንስተን እናስተካክላለን ብሎ አረጋጋ። ይህን ስሰማ ቀለለኝና ጋሽ ዐወድን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። በሩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከስተዋል።

«ምንጣፍ ይነሳል፣ ኡስታዝ» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። «ማሪያም አይነሳም።»

ማሪያም ሚስታቸው ናቸው። ለጋሽ ዐወድ አማርኛ በጉልምስና የለመዱት ቋንቋ ስለሆነ ሴትና ወንድ አይለዩበትም። አምና ሲሞቱባቸው፣ ከመስጊዱ ጀርባ ባለው ዳገት ላይ መቃብሩን የለኩት ባልየው ራሳቸው ናቸው። ሙስሊም ሲቀበር በጎኑ ተኝቶ ፊቱ ወደ መካ ይዞራል። ጋሽ ዐወድ ደግሞ ከሰጋጁ መስመር ጋር እኩል የሚሄደውን የመስጊዱን የኋላ ግድግዳ በዓይናቸው ይዘው፣ በዚያው ልክ ሲባጎ ወጥረው ነው ያስቆፈሩት። መስመሩ ከጠመመ መቃብሩም ጠሟል።

ይህም ብቻ አይደለም። ወጣት ሳሉ ለማሪያም የሠሩት የመጀመሪያ ቤት በሩ ጠማማ ነበር፣ አይገጥምም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሚስትየው በሩን በድንጋይ እያስደገፉ «ግንበኛ አገባሁ፤ ቤቴን የሚዘጋልኝ ግን ድንጋይ ነው» እያሉ ጎረቤቱን ያስቁ ነበር። ሊሞቱ ሲሉም፣ ያው ሳቅ ከንፈራቸው ላይ ሳለ፣ «በሬን አጣመምክ፤ መቃብሬን እንዳታጣምም» አሏቸው።

«እሺ አልኩት» አሉኝ ጋሽ ዐወድ። «ወላሂ ብዬ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንድ የማውቀው ነገር ግን ትዝ አለኝ። በዓመት ሁለት ቀን ፀሐይ በመካ አናት ላይ ትቆማለች፤ በዚያች ደቂቃ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ሁሉ ጥላው የመካን መስመር ይዞ ይተኛል። አንዱ ቀን ግንቦት ሃያ ነው፣ ስድስት ሰዓት ከአሥራ ስምንት። አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

«ፀሐይ አይዋሽም?» አሉ።

«አትዋሽም።»

«ደመናስ?»

በግንቦት የአሶሳ ሰማይ አይታመንም። ሁለተኛው ቀን ሐምሌ ላይ ነው፤ በክረምቱ አንጀት።

ሀይደርና ኮሚቴው መስጊዱ ግቢ ውስጥ ሊለኩ ተዘጋጁ። ጋሽ ዐወድን ቢጠሯቸው፣ «እናንተ እዚያ ለኩ። እኔ ማሪያም ጋ ነኝ» አሉ።

የግንቦት ሃያ ዋዜማ ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ረፋድ ላይ ከጋሽ ዐወድ ጋር ዳገቱን ስንወጣ ሰማዩ እንደ አመድ ነበር። ጋሽ ዐወድ ሦስት ቀርከሃ አስረው አቆሙና ቱንቢያቸውን፣ ያን በክር የሚንጠለጠል ሹል ብረት፣ አንጠለጠሉ። ከራስጌው ድንጋይ እስከ ግርጌው ሲባጎ ወጠሩ። ሲባጎው ላይ ባለ ሁለት ክንዱን የግንበኛ ማዕዘን ገጠሙ፤ አንዱ ክንድ በሲባጎው ልክ፣ ሌላው አግድም። የክሩ ጥላ የማዕዘኑን አግድም ክንድ ይዞ ከወደቀ ማሪያም ፊታቸው መካ ነው፤ ካልያዘ አይደለም።

ስድስት ከአሥር። ደመና። ስድስት ከአሥራ አምስት። ደመና። ቢጠምስ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ሳልጠይቅ መለሱልኝ።

«ከጠመመ፣ በወዲያኛው ዓለም፣ አኺራ ስንገናኝ በምን ፊቴ አየዋለሁ?»

አሥራ ሰባት ላይ ደመናው ሳሳ፤ የገረጣ ጥላ መጣና ምኑንም ሳንለይ ጠፋ። ጋሽ ዐወድ ጮኹ፤ ምን እንዳሉ አላውቅም። ከዚያ ፀሐይ ወጣች። በጉልበታቸው ወደቁ። እኔም ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ።

ጥላው የማዕዘኑን ክንድ ይዞ ተኝቷል። ፀጉር የሚያሾልክ ክፍተት የለም።

ወዲያው ሀይደር ከታች ደወለ፤ የመስጊዱም መስመር ልክ ነው። ስልኩን ስዘጋ ኮምፓሱን አየሁት፤ አሁንም ዘመም ብሏል ይላል። የከቨሩ መዝጊያ ጠቅ የሚለው በማግኔት ነው። ገፍፌ ጣልኩት። ቀስቱ ዞሮ ከጥላው ጋር ገጠመ። እኔ እንግዲህ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ።

ጋሽ ዐወድ ሲባጎውን አልጠቀለሉም። እጃቸውን በራስጌው ድንጋይ ላይ አድርገው በበርታኛ ቀስ ብለው ተናገሩ፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። ከንግግራቸው የገባኝ የማሪያም ስም ብቻ ነው።

ስንወርድ አላስቻለኝም። «ምን አሏቸው፣ ጋሽ ዐወድ?»

«የጠመመው በሩ ብቻ ነው፣ አልኩት» አሉኝ።