«ወስጃለሁ» አለችኝ

የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ ስም ለማውጣት ብቻ ሁለት ስብሰባ ፈጅቷል። አንዱ «የወረርሽኝ መከላከያ» ይባል ሲል፣ ሌላው ወረርሽኝ የሚለው ቃል ምእመኑን ያስደነግጣል አለ፤ በመጨረሻ «የአደጋ ጊዜ ዝግጅት ኮሚቴ» ብለን ጸልየን ተለያየን። በስደት በምንኖርባት ከተማ፣ ሃቫና ስትሪት አጠገብ የምንከራየው የጸሎት አዳራሽ ያኔ ተዘግቶ ስለነበር የምንሰበሰበው በቪዲዮ ነው። እኔ በትዕግሥት አልታማም። ካሜራዬን አጥፍቼ፣ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ያለው ቤቴ ጋራዥ ውስጥ የቫኔን ወንበሮች በአልኮል እየወለወልኩ ነበር የማዳምጣቸው። ከኤርፖርት ሰው የማመላልስ ሹፌር ነኝ፤ ያኔ ከመንገደኛ ጋር መዋል ያስፈራ ነበር።

የደረሰኝ ሥራ ቀላል ነበር። ክትባቱ ገና ለአዛውንት ብቻ በሚሰጥበት በዚያ የበረዶ ወር፣ ነርሶች አንድ ቅዳሜ አዳራሻችን ፓርኪንግ ድረስ መጥተው ሊከትቡልን ተስማምተው ነበር። የሚያመጡት በዝርዝራችን ልክ ነው፤ ከአዛውንቶቹ አስቀድሞ የተከተበ ካለ የእሱ ድርሻ ለበጎ ፈቃደኞች ይሰጣል ተባለ። የእኔ ተግባር ዝርዝሩን ይዤ መደወል፣ ወስደው እንደሆነ መጠየቅ፣ ካልወሰዱ ቀጠሮ ማስያዝ ነው። የእናቴ ስም ሰባተኛው ላይ ነበር።

እናቴ ሎውሪ በሚባለው ሰፈር፣ የአዛውንቶች አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖር ነበር። ወረርሽኙ ከገባ ጀምሮ ቤቷ አልገባሁም። ዕቃዋን በሯ ላይ አስቀምጬ እወርድና፣ በረንዳዋ ሥር ፓርክ አድርጌ እደውልላታለሁ፤ እሷ ከላይ እያየችኝ በስልክ ታወራኛለች። ትንሽ ቆይታ ስልኩን ትረሳውና ከበረንዳው ላይ መጮህ ትጀምራለች። ጎረቤቶቿ የተጣላን ሳይመስላቸው አልቀረም፤ እሷ ግን ፂምህን ተላጭ እያለችኝ ነበር።

የሷ ተራ ሲደርስ ደወልኩላትና እንደ ሌሎቹ ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ ክትባቱን ወሰድሽ ወይ?»

«ወስጃለሁ።»

መቼ ስላት ሁለት ሳምንት ሆነኝ አለች። ነርሶች በየአዛውንቱ አፓርትመንት እየዞሩ እንደሚከትቡ ሰምቼ ስለነበር እዚያው ተከትባለች ብዬ ደመደምኩ። ከስሟ ጎን ምልክት አድርጌ ወደ ስምንተኛው ስም አለፍኩ።

ቅዳሜ ዕለት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ቢጫ ሰደርያ ለብሼ መኪና ሳስተናግድ፣ አዛውንቶቹ መስኮት ዝቅ አድርገው እጃቸውን ሲሰጡ ሳይ ዋልኩ። ሥራው ሲያልቅ አንዷ ነርስ አንድ ተርፏል፣ ማን ይውሰድ ብላ ጠየቀች። የተረፈው የእናቴ ድርሻ ነው። ሁሉም ወደ እኔ ጠቆሙ፤ እጅጌዬን ሰብስቤ ተወጋሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልደብቅም። ሬዲዮ ከፍቼ እያንጎራጎርኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቴ ማሳል ጀመረች። በአራተኛው ቀን አምቡላንስ ወሰዳት። ሆስፒታል መግባት ስለማይፈቀድ ፓርኪንጉ ውስጥ ቫኔ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ሐኪሟ ደወለችልኝ፤ እናትህ ተከትቤያለሁ ትላለች፣ መዝገብ ላይ ግን የለችም፣ የትኛውን ዓይነት ነው የወሰደችው አለችኝ። መዝገቡ ተሳስቶ ነው አልኳት፤ እንዲያውም ቆጣ ብያለሁ። ወዲያው እናቴ ጋ ደወልኩ። ኦክስጅኑ እያፏጨ ይሰማኛል።

«እማዬ፣ የት ነው የተወጋሽው?»

«ማን ወጋኝ? ወሰድኩ እንጂ።»

ነጭ ናት አለችኝ፤ ከምስር ፍሬ የምታንስ፣ ጣፋጭ፣ ምላስ ሥር የምትቀመጥ። ጠዋት ጠዋት ሦስት ሦስት ወስዳለች። የሰጠቻትም የቤተ ክርስቲያናችን እህት ናት፤ አዳራሹ ከተዘጋ ወዲህ ምግብ እየሠራች በየአዛውንቱ በር የምታደርስ፣ ማንም ሳያዛት የምትለፋ ሴት። ይህቺ እህት ሆሚዮፓቲ የሚባለውን ሕክምና ባገኘችው ኮርስ ተምራ ነበር። ከምግቡ ጋር ትንሽዬ ብልቃጥ በየከረጢቱ ትጨምራለች። ስሙንም ክትባት አላለችውም፤ መከላከያ ነው የምትለው።

ክትባት ያለችው እናቴ ናት። ሞኝ ሆና አይደለም። ሴትየዋ፣ ከበሽታው ጋር የሚመሳሰል ነገር እጅግ በትንሹ ይሰጣል፣ ሰውነት ይለማመዳል ብላ ስታስረዳት፣ እናቴ ድሮ ቀበሌ የጤና ሠራተኞች ስለ ክትባት የነገሯትን ነው የሰማችው። በአፍ መሰጠቱም አልገረማትም፤ የልጅ ልጆቿን ለልጅነት ልምሻ ስታስከትብ የተሰጣቸው በአፍ የሚጨመር ጠብታ ነበር። ደግሞ በእኛ አነጋገር ክትባትም ይወሰዳል፣ ኪኒንም ይወሰዳል፣ የጌታ እራትም ይወሰዳል። ተወጋሽ ወይ ብላት ኖሮ አልተወጋሁም ትለኝ ነበር። እኔ ያ ሁሉ ሰው ጋ ስደውል «ወሰዱ ወይ» ነው ያልኩት፤ ሌሎቹ አልወሰድንም ስላሉኝ ብቻ ነው በእነሱ ላይ ያልተሳሳትኩት።

ብልቃጡን በኋላ አይቼዋለሁ። ስኳር ነው። መድኃኒት የተባለው ነገር በውኃ ላይ ውኃ እየተጨመረበት እስከሚጠፋ ከቀጠነ በኋላ ስኳሩ ላይ ጠብ ይደረጋል። እንዲህ ያለው ነገር ወረርሽኝ እንደማያስቆም ማንም ሐኪም ይነግርሃል፤ እኔም መጠየቅ ነበረብኝ፣ ኮሚቴውም በየከረጢቱ ምን እንደሚገባ ማወቅ ነበረበት። ባትሪ ገዝተናል፣ ውኃ አከማችተናል፣ ስም ላይ ሁለት ጊዜ ተከራክረናል፤ ለአዛውንቶቻችን በር ላይ የሚቀመጠውን ግን አንዳችንም ከፍተን አላየንም።

ያን ዕለት በስልክ ደጋግሜ ስጠይቃት እናቴ ነገሩ ገባት መሰለኝ።

«ትክክለኛው አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

«ትክክለኛው ነው እማዬ። ቀለል አድርጎ ያሳልፍልሻል።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል?» አለችና ደክሞኛል ልተኛ ብላ ስልኩን ዘጋች። ለሐኪሟ ደውዬ አልተከተበችም አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያች ዓረፍተ ነገር የከበደኝ የለም። እናቴ ሆስፒታል በገባች በስድስተኛው ቀን አረፈች። እጇን አልያዝኩም፤ አንዲት ነርስ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋልኝ ስሟን ስጠራ ነው ያለፈችው።

ለቅሶውን ጋራዥ ውስጥ ተቀመጥን፤ በሩን ከፍተን፣ ወንበሮቹን አራርቀን። ሰው በማስክ ላይ እንባውን እያፈሰሰ ትንሽ ተቀምጦ ይሄዳል። ሴትየዋ በሁለተኛው ቀን መጣች። መግቢያው ላይ፣ በረዶ በተጠረገበት ቦታ ቆማ ወደ ውስጥ አልገባ አለች። ለሷ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉ በሆዴ ሳብሰለስለው የቆየሁት። ተነሥቼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

እሷ ግን ቀደመችኝ።

«መርፌውን ይተዉ አላልኳቸውም» አለች፣ አንገቷን ደፍታ። «ከሱ ጋር ይውሰዱት ነው ያልኳቸው። ለቅዳሜው ክትባትም እኔው ድራይቭ አደርግዎታለሁ ብያቸው ነበር። እምቢ አሉኝ።»

«ለምን?»

«ለእኔ ይቺ ትበቃኛለች፣ የኔ ድርሻ ለልጄ ይሁን አሉ። ቀኑን ሙሉ ጀርባው ላይ ሰው ሲያስልበት ይውላል፣ ተራችሁ ገና ነው ብለውታል አሉኝ።»

ያዘጋጀሁትን ንግግር ትቼ፣ ግቢ፣ ብርድ ነው አልኳት፤ ገብታ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች፣ ስታለቅስም ዋለች። እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላም እላታለሁ። ልቆጣት የሚያስችለኝ አፍ የለኝም።

እናቴ ስለ ሳሉና ስለ ተራዬ ያን ሁሉ ከማን እንደሰማች አውቃለሁና። ዝርዝሩን ይዤ ስደውልላት መጀመሪያ የተናገርኩት ከላይ የጻፍኩትን የክትባት ጥያቄ አይደለም። ስጽፈው አሳጥሬዋለሁ። ስልኩን እንዳነሣች አንድ መንገደኛ ከኤርፖርት እስከ ዳውንታውን ሲያስልብኝ እንደመጣ ነገርኳት። ለሹፌሮች ገና ነው እንደተባልን፣ ክትባት የማገኘውም ከአዛውንቶቹ አንድ ከተረፈ ብቻ እንደሆነ አማረርኩላት። ፈርቻለሁ እማዬ አልኳት፤ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ እንደ ልጅ ነው ያልኳት። ወሰድሽ ወይ ያልኳት ከዚያ በኋላ ነው። ወስጃለሁ ያለችኝ ይህን ሁሉ ሰምታ ነው።