የተጠለለ ካሮት

ልብስ ሰፊው የስምንት ወር የልጅ ልጁን በየሳምንቱ ልንመዝንለት ወደ ጤና ጣቢያችን ያመጣታል፤ ሜትሩን ከአንገቱ አያወልቅም። ሚዛናችንን ስለማያምነው ክንዷን እንደገና በሜትሩ ይለካል። የእሱም ቁጥር አይጨምርም። አምስት ሳምንት ሙሉ ካርዷ ላይ ያንኑ ኪሎ ስጽፍ እጄ ሰለቸው።

ዛሬ የነርሷም ትዕግሥት አለቀ።

«አባባ፣ ለመሆኑ ምንድን ነው የሚያበሏት?»

«የገዛ እጄን ሥራ ነዋ! የታሸገውን በምን አቅሜ? ካሮትና ድንች ቀቅዬ፣ ደቁሼ፣ በንጹሕ የገበር ጨርቅ አጠልለዋለሁ። ጠብ ጠብ የሚለው ጥሩ ጥሩው ለእሷ ነው። ጨርቁ ላይ የሚቀረውን አሰሩን ለምሳዬ እይዘዋለሁ፤ በዚህ ኑሮ አይጣልም።»

«ወይ ጉድ! ለካ ለዚህ ነው እርስዎ ያማረብዎት! ምግቡን እየበሉ ልጅቷን ውሃ ያጠጧታል?»

አልሳቀም።

«ከእናቷ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ» አለ። «ድንች ነው ያነቀው።»

ነርሷ ምሳ ዕቃውን አስከፈተችው። አሰሩን በማንኪያ አድቅቃ ለሕፃኗ አቀመሰቻት። እሱ ጉሮሮዋ ላይ አፈጠጠ።

«ዋጠች?»

«ዋጠች፣ አባባ።»

«እስቲ ድገሚላት፣ ልጄ።»