ከአንድ ዛፍ የቀረ ዘር

ሸቤ ከተማ ዳር ባለው ትንሽ የቡና ችግኝ ጣቢያ ችግኝ የምታፈላውን ኢፍቱን የማያውቅ ገበሬ የለም። ጥላ በሌለው ማሳ ላይ ልትከል ያለውን ሰው ባዶ እጁን ትመልሰዋለች። “ሕፃን ለማንም ይሰጣል?” ትላለች። የሚቀየማት አለ፤ በዓመቱ ግን ጥላ ዛፉን ተክሎ ይመጣል።

ባሏ አብዱልፈታሕ የሞተው ክረምት ላይ ነው። በሽታ የጓሯቸውን ቡና ሁሉ ሲያደርቅ እሱ የሚንከባከባት አንዲት ዛፍ ብቻ ተርፋ ነበር። እሷም በጥቅምት ቀይ ፍሬዋን እንዳንዠረገገች የዋንዛ ዛፍ ወድቆባት ከሥሯ ተገነደሰች። ኢፍቱ ፍሬውን ለቅማ፣ በእጇ ፈልፍላ፣ አጥባ ለዘር ጥላ ውስጥ አሰጣችው። ከአብዱልፈታሕ የቀራት እሱ ነበር።

ጅማ ደርሳ ስትመለስ ዘሩ በቦታው የለም። የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ቡና ነጋዴው ጀማለዲን፣ አውጥቶ ፀሐይ ላይ አስጥቶታል። እርጥብ ቡና ጥላ ውስጥ ከቆየ ይሻግታል ሲባል ያደገ ሰው ነው።

“ወላሂ፣ ባልደርስለት ሸቶ ነበር የሚጠብቅሽ” አላት።

ኢፍቱ እጇን ዘሩ ውስጥ ሰደደች። የላይኛው ይፋጃል፤ የታችኛው ለብ ብሏል።

“ይሄ የገበያ አይደለም፣ ጀማል። ጤፍም አይደለም ደርቆ ጎተራ የሚከርም። የቡና ዘር ከደረቀ ሞተ።”

ጀማለዲን እዚያው ቁጭ አለ። “ወንድምህን ሁለት ጊዜ ቀበርከው በይኛ።”

“ለቅሶህን ቆጥብ። ገና አልታወቀም።”

የጋለውንና ያልጋለውን ለየች። በችግኝ መደቡ አንድ ጫፍ ይህን፣ በሌላው ያንን ልትዘራ ስትል ተለማመጣት።

“ማሎ፣ ቀላቅይው። የሚበቅለው ይበቅላል።”

“የሞተውን በምን አውቃለሁ ታዲያ?”

“እኔም እንዳላውቀው ብዬ እኮ ነው።”

አልቀላቀለችም። አፈር መለሰችበት፤ ሳር ጎዘጎዘችበት። ኅዳር ገባና ሌሊቱ ቀዘቀዘ፤ መደቡ ዝም አለ። ጀማለዲን ከጁምዓ ሲመለስ ጎራ ማለት ለመደ።

“ሳሩን ግለጪለት። ብርሃን ሳያይ እንዴት ይበቅላል?”

“አንተስ እናትህ ሆድ ውስጥ ፋኖስ በርቶልህ ነበር?”

ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። የቡና ዘር የሚነቃው በጨለማ ነው፤ ሳሩ ቀን ቃጠሎውን፣ ሌሊት ብርዱን ይከላከልለታል። የሸቤ ብርድ ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። ይህን ሁሉ እያወቀች፣ ጠዋት ጠዋት እጇን ከሳሩ ሥር ስታስገባና አፈሩ ሲቀዘቅዛት ቆፍሪ ቆፍሪ ይላታል። እጇን ትመልሳለች።

የካቲት ላይ አፈሩ ሞቀ። አንድ ጠዋት ሳሩን ገለጥ ስታደርግ፣ ፍሬዋን እንደ ቆብ የደፋች አንዲት ቡቃያ ጎንበስ ብላ አየች። አጠገቧ ሌላ፤ ከዚያም ሌላ። ኢፍቱ እዚያው ተንበርክካ ብዙ ቆየች። ሌላኛው ጫፍም እንዲደርስ ሳምንታት ጠበቀችው። ከዚያ ጀማለዲንን አስጠራችው።

የበቀለውን አይቶ “አልሃምዱሊላህ” አለ። ዓይኑ ግን ወደ ባዶው ጫፍ ሄደ። “የኔዎቹስ?”

ገና ናቸው ብትለው ማንም አይመረምራትም ነበር።

“ሞተዋል። ቆፍሬ አየኋቸው፤ ውስጣቸው ጠቁሯል።”

አንገቱን ደፋ። ኢፍቱ ገጀራውን አቀበለችው።

“ብርሃን የሚፈልጉት አሁን ነው፤ ግን በወንፊት ያለፈ ያህል ብቻ። የጥላ ዳሳቸውን አንተ ትሠራለህ።”

“እኔን ታምኛለሽ?”

“ከእንግዲህ ካንተ በላይ ፀሐይ የሚፈራ ከየት አመጣለሁ?”

ጀማለዲን ሸሚዙን አውልቆ ለዳሱ ቅርንጫፍ ሊቆርጥ ወደ ጫካው ወረደ።