አስካለ በ«ፎር» የጻፈቻቸው ዐሥር ዓረፍተ ነገሮች

ስለ እኔ የሚወራው ልክ አይደለም። ትናንት በዕድራችን ስብሰባ ላይ ጸሐፊያችን አስቴር ተነሥታ «እትዬ በንጉሡ ዘመን አስተማሪ ሳሉ፣ ያለ ዕድሜዋ ልትዳር የነበረች ተማሪያቸውን ከሠርጓ ያስጣሉ ጀግና ናቸው» አለች። ፖሊስ አስከትዬ፣ በር አስከፍቼ መግባቴንም ጨመረችበት። በዚያ ዘመን እንኳን ፖሊስ ላስከትል፣ የራሴ ዣንጥላም አልነበረኝ።

ሰው አጨበጨበ... እኔም ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ዝምታ ነው።

በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት እዚሁ ኮልፌ ሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ያደግሁበት አዳሪ ትምህርት ቤት ነጥብ የተረሳበትን ዓረፍተ ነገር እንዳልተጻፈ ይቆጥረው ነበር፤ እኔም ተማሪዎቼን የያዝኩት በዚያው ልክ ነው።

አንድ ሰኞ «ፎር» የምትባለውን የእንግሊዝኛ መስተዋድድ አስተማርኩ። ቃሏ ትንሽ ናት፣ ሥራዋ ግን ብዙ። አንዴ «ለ» ትሆናለች፣ አንዴ «ስለ»፣ አንዴ «ወደ»። የቆይታ ጊዜን ትናገራለች፤ በሰው ፈንታ መናገርንም ትገልጻለች። ከመጠበቅና ከመለመን ጋር ስትመጣማ በአማርኛ ቦታም የላት። ዐሥር አገባቧን ሰሌዳ ላይ ደረደርኩና «ለእያንዳንዱ ከራሳችሁ ኑሮ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር! ከሰሌዳ የገለበጠ ዜሮ ያገኛል» አልኩ።

አስካለ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ አጠና ተራ አጠና ይሸጣል። ረቡዕ ደብተሯን ሰጠችኝ። የጻፈችው ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህ ነው፦

«ዐሥራ አራት ዓመት ኮልፌ ኖሬያለሁ። ቀሚስ እየተሰፋልኝ ነው። ቀሚሱ ለእሑድ ነው። አንድ ሰው ሊወስደኝ ይመጣል። ወደ ወሊሶ እሄዳለሁ። አባቴን የአንድ ዓመት ጊዜ ለመንኩት። እናቴ በእኔ ፈንታ ተናገረች። ስለ ደብተሮቼ አለቀስኩ። ለዚህ ነገር ገና ልጅ ነኝ።»

ዘጠኙንም በቀይ ራይት አደረግሁ። ዐሥረኛው ጎደሎ ነበር። «እጠብቃለሁ» ብላ፣ «ፎር»ንም ጽፋ፣ ከዚያ በኋላ ባዶ ትታዋለች። ከጎኑ «ማንን? ይሟላ» ብዬ ጻፍኩበት።

ሐሙስ አሟልታ መጣች፦ «እርስዎን እጠብቃለሁ።»

ራይት። ዐሥር ከዐሥር።

ደብተሯን ስመልስላት «ጎበዝ፣ አንድም ስህተት የለብሽም» አልኳት። ቆማ አየችኝ።

«ወይዘሪት... አነበቡት?»

«ሳላነብማ ዐሥር አልሰጥሽም! ተቀመጪ።»

ተቀመጠች።

ሰኞ ስም ስጠራ አስካለ የለችም። አብራት የምትቀመጠው ልጅ «ወይዘሪት፣ ተዳረች'ኮ!» ስትል ክፍሉ ሳቀ። ያኔ ዐሥሩ ዓረፍተ ነገሮች አንድ ላይ መጡብኝ። ስምንተኛው ላይ ግሡ በኃላፊ ጊዜ መሆኑን አይቼ ደስ ብሎኝ እንደነበር ጭምር ትዝ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሄድኩ። አባቷ ከደጅ ተቀበለኝ።

«ኧረ ወይዘሪት! ዘገዩ እንጂ ጠላው እንኳ አላለቀም፤ ይግቡ፣ ይግቡ!»

ገባሁ። እሱ ለሌላ እንግዳ ሲነሣ እናቷ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እስኪወስዷት ድረስ ዓይኗን ከበሩ ላይ አላነሣችም» አለችኝ ቀስ ብላ። «‹ወይዘሪት አንብበዋል፤ ይመጣሉ› ትለኝ ነበር።»

«ብመጣስ ምን አደርግ ነበር?» አልኳት። «ምንም» እንድትለኝ ፈልጌ ነው።

«አባቷ እንደሁ አስተማሪን ያፍራል። እኔን አይሰማ፣ ወንድሞቹን አይሰማ... እርስዎ አንድ ቃል ቢሉት ግን ዓመቱን ያስጨርሳት ነበር።»

ጠላው መጣ። እምቢ ለማለት አፍ አልነበረኝም፤ ጠጣሁት። አስካለን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

እንግዲህ በር አስከፍታ የገባችው ጀግና ይህች ናት።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ አስቴር ቤት እሄዳለሁ። ባጨበጨቡት ሰዎች ፊት ታስተካክለው፤ እሷ ካፈረች እኔው ቆሜ እናገራለሁ። ከዚያ ተመልሼ የጎረቤቴ ልጅ ይታረምልኝ ብላ ጠረጴዛዬ ላይ የተወችውን ድርሰት አነባለሁ። ልጅቷ ምን እንዳለች ሳልረዳ እስክሪብቶ አልነካም... ስህተቱ የትም አይሄድብኝም።